ስታንዱ ሥር ያለችው ሴንሰር፦ ሞተሬን ከገዛሁ ከዘጠኝ ወር በኋላ

ሞተሩን የገዛሁት ግንቦት ላይ ነው። አሁን የካቲት ነው። 9,400 ኪሎ ሜትር ነድቼዋለሁ። 200 ሲሲ ነው፣ የህንድ ሥሪት፣ በኢንጀክሽን የሚሠራ፣ ፊት ጎማው ላይ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርግ) ያለው። ነዳጅ አይበላም፣ ወንበሩ ይመቻል፣ የሌሊት መብራቱ ጥሩ ነው። ስለዚህ ሁሉ ሌላ ሰው ይጻፍ። እኔ መጻፍ የፈለግኩት አውራ ጣት ስለምታህል አንዲት ነገር ነው። ስታንዱ (ሞተሩ ሲቆም የሚደገፍበት የጎን እግር) መገጣጠሚያ ላይ የተገጠመች፣ ስታንዱ መውረዱን የምታውቅ ሴንሰር ናት። በእሷ ምክንያት ሞተሩን ልሸጠው ደርሼ ነበር።

ሥራዬ የእንስሳት ጤና ነው። የምኖረው ሱሉልታ ነው። አካባቢውን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ለጥ ያለ ሜዳ፣ የድርቆሽ ክምር፣ የወተት ላም። ክረምት ሲገባ ሜዳው ላይ ውሃ ይተኛል። ከአስፋልት አንድ እርምጃ ከወጣችሁ ጭቃ ነው፤ እንደ ሊጥ የሚጣበቅ፣ ፓራፋንጎው ሥር ገብቶ ጎማ የሚይዝ ጥቁር ጭቃ። እኔ ደግሞ የምጠራው ብዙውን ጊዜ በክረምት፣ ያውም በሌሊት ነው።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ስልኬ ጮኸ። የደወሉት ሁለት ላም ብቻ ያላቸው እናት ናቸው። «ዶክተር፣ ላሟን ምጥ ይዟታል። ሁለት እግሩ ወጥቷል፣ ጭንቅላቱ ግን የለም» አሉኝ። ይሄ ማለት የጥጃው ጭንቅላት ወደ ጎን ዞሯል ማለት ነው። እጁን አስገብቶ የሚያስተካክል ሰው ቶሎ ካልደረሰ ጥጃው አይተርፍም፣ ላሟም ትጎዳለች። ገመዱን፣ ጓንቱን፣ መድኃኒቱን ሳጥን ውስጥ ከትቼ ወጣሁ።

አስፋልቱን ጨርሼ ወደ መንደሩ በሚያስገባው መንገድ ትንሽ እንደሄድኩ ጎርፍ የቆረጠው ቦታ ገጠመኝ። ወርጄ በባትሪ ማየት ነበረብኝ። ስታንዱን አወረድኩ፣ አየሁ፣ ተመለስኩ፣ ስታንዱን በእግሬ መትቼ አነሳሁና ተቀመጥኩ። ሞተሩ እየሠራ ነው። ፍሪሲዮን ይዤ አንደኛ ማርሽ ሳስገባ ቀጥ አለ። አስነሳሁት፣ ተነሳ። አንደኛ አስገባሁ፣ ጠፋ። አስነሳሁት፣ አንደኛ፣ ጠፋ። ዳሽቦርዱ ላይ የስታንድ ምልክት ያላት ቀይ መብራት በርታለች። ስታንድህን አንሳ ነው የምትለው። አንስቼዋለሁ እኮ! በገዛ እግሬ መትቼ አንስቼዋለሁ! እንዳበደ ሰው ስንት ጊዜ እንደሞከርኩ አላውቅም። ዝናቡ ይወርዳል፣ ስልኬ ደጋግሞ ይጮሃል።

በመጨረሻ ሞተሩን እዚያው ትቼ ሳጥኑን ተሸክሜ 3 ኪሎ ሜትር ያህል በጭቃው ሄድኩ። ስደርስ ጎረቤት ተሰብስቦ እየጎተተ ነበር። ላሟ ተረፈች። ጥጃዋ አልተረፈችም። ሴት ነበረች። ወተት ሸጦ ለሚኖር ቤት ሴት ጥጃ ምን ማለት እንደሆነች የሚያውቅ ያውቀዋል። እናትየው አንድ ክፉ ቃል አልወጣቸውም። «መንገዱ ነው፣ አንተ ምን ታደርግ» ብለው ውሃ አሙቀው እግሬን አስታጠቡኝ። እንደዚያች ሌሊት አዝኜ አላውቅም።

በነጋታው ሞተሩን አስገፍቼ ሰፈራችን ያለ መካኒክ ዘንድ ወሰድኩት። ገና ልጅ ነው፣ እጁ ግን ፈጣን ነው። «ጋሼ፣ ይሄ ሴንሰር ለኛ አገር አይሆንም። ሁሉም ሰው ነው የሚያስነቅለው» አለኝ። ሁለቱን ገመድ ቆርጦ እርስ በርስ አገናኛቸው፣ በፕላስተር ጠቀለለው፣ አለቀ። አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ስታንዱ ሁልጊዜ የተነሳ ይመስለዋል። መብራቷም ዳግመኛ አልበራችም። አንድ ወር ያህል በሰላም ነዳሁ። ሞተር ያላቸውን ጓደኞቼንም «አስነቅሉት፣ ትገላገላላችሁ» እያልኩ መከርኳቸው። ይሄን ጽሑፍ የምጽፈው አንድም ያንን ምክሬን መልሼ ለመሰብሰብ ነው።

መስከረም ላይ፣ መስቀል ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከጫንጮ እየተመለስኩ ነበር። መንገዱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ሲሚንቶ የጫነ መኪና አይጠፋበትም። ወደ ግራ የሚታጠፍ ቦታ ላይ ሞተሩን አጋደልኩት። ከሥሬ ብረት አስፋልት ሲፍቅ የሚያወጣው ድምፅ መጣ። ወዲያው የሆነ ነገር ሞተሩን ከሥር ወደ ላይ ገፋው። የኋላ ጎማው ለቀቀ፣ ወደ መሀል መንገድ ወጣሁ፣ ከፊት ለፊቴ ትልቅ መኪና እየመጣ ነው። እንዴት እንደቀናሁ አሁንም አላውቅም፤ የእግዜር ሥራ ነው። ዳር ይዤ ቆምኩ። ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ ወርጄ አየሁ።

ስታንዱ ግማሽ ድረስ ወርዶ ተንጠልጥሏል። ጫፉ በአስፋልት ተፍቆ እንደ አዲስ ሳንቲም ያብረቀርቃል። በእግሬ መታሁት፣ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ቀስ ብሎ ወረደ። እንደገና መታሁት፣ እንደገና ወረደ። ጎንበስ ብዬ ሳየው ስታንዱን ይዞ የሚያቆየው ሞላ ድርብ ነው፤ አንዱ ባንዱ ውስጥ የገባ። የውስጠኛው ተሰብሯል። የውጪው ደግሞ ላልቷል። መገጣጠሚያው ላይ ከክረምቱ የተረፈ ጭቃ እንደ ሸክላ ደርቋል።

እዚያው መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ነገሩ ቀስ እያለ ገባኝ። ያን ሌሊት ሴንሰሯ ደህና ነበረች። ስታንዱን በእግሬ ስመታው ይነሳል፣ ጭቃውና የላላው ሞላ ደግሞ ይመልሱታል። እኔ በጨለማ አላየሁም። እሷ አይታለች። ደጋግማ ነግራኛለች። እኔ ግን ውሸታም ብዬ ገመዷን አስቆረጥኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው የሚሠራው። ስታንዱ ያለው በግራ በኩል ነው። ወደ ግራ ስትታጠፉ ሞተሩ የሚያጋድለው ወደዚያው ነው። ስታንዱ ወርዶ ከሆነ መሬት ይነካል፣ እንደ መፈንቅል ሆኖ ጎማውን ከመሬት ያነሳዋል። ቀጥታ መንገድ ላይ ምንም አይታወቃችሁም። የሚጥላችሁ መታጠፊያ ላይ ነው። ስለዚህ ፋብሪካው አንዲት ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ያስገባል። ማርሽ ሳይገባ ሞተሩ ይሠራል፣ ስታንዱ ወርዶ ማርሽ ሲገባ ግን እሳቱን ትቆርጣለች። ሌላ ተንኮል የላትም። ከዚህ በፊት የነበረኝ አሮጌ ሞተር ይሄ ነገር አልነበረውም። የሥራ ባልደረባዬ በዚያው ዓይነት ሞተር ስታንድ ሳያነሳ ወጥቶ ወድቆ እስከ ዛሬ እግሩ ውስጥ ብረት አለ። ያንን እያወቅኩ ነው ያስቆረጥኩት።

ታዲያ የእኔ ጥፋት ብቻ ነው? አይደለም። አንድ ጊዜ ሻጩን ፊት ለፊት ባገኘው የምለው አለኝ። ያኔ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስለ ቀለሙና ስለ ስልክ ቻርጀሩ አወራኝ። «ወንድሜ፣ ሙሉ ሴንሰር ነው፣ እንደ መኪና ነው» አለኝ። የቷ ሴንሰር የት እንዳለች፣ ስትቆጣ ምን ማለቷ እንደሆነ፣ ምን ማድረግ እንዳለብኝ አንድ ቃል አልነገረኝም። መመሪያው መጽሐፍ ላይ አለ ይለኝ ይሆናል። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፣ ፊደሉም ጉንዳን ያህላል። አንድ ገጽ አማርኛ፣ አንድ ገጽ አፋን ኦሮሞ ማተም ምን ያስከፍላል? ሰው የማያውቀው ማስጠንቀቂያ እንዴት ይረዳዋል?

ሌላ ምሳሌ ልስጣችሁ፣ ምናልባት አንዳችሁን ከመግፋት ያድናል። ሐምሌ ላይ ጭቃ ውስጥ ቀስ ብዬ ስሄድ ወደቅሁ። ምንም አልሆንኩም። ሞተሩን አንስቼ ብጫነው አይነሳም። ካንዴላውን ጠረጠርኩ፣ ባትሪውን ጠረጠርኩ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ገፋሁት። አንድ ወጣት አየኝና «ቁልፉን አጥፍተህ መልሰህ አብራው» አለኝ። አጥፍቼ አበራሁት፣ ተነሳ። ሞተሩ ሲወድቅ የሚያውቅ ሌላ ሴንሰር አለው ለካ። 60 ዲግሪ አካባቢ ካጋደለ ወደቀ ብሎ ነዳጁን ይዘጋል፤ የወደቀው ሰው ላይ ጎማው እንዳይሽከረከር፣ እሳትም እንዳይነሳ። ቁልፉ ጠፍቶ እስኪበራ አይለቅም። ይሄን መንገር ግማሽ ደቂቃ ነው!

የኤቢኤስ መብራትም እንደዚያው ነው። ቁልፉን ስትከፍቱ ትበራለች፣ ትንሽ ስትነዱ ትጠፋለች። የጎማውን ዙር ሳታይ ደህና ነኝ ማለት ስለማትችል ነው። እኔ የመጀመሪያውን ሳምንት ሙሉ የተበላሸ ሞተር ሸጡልኝ ብዬ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። እየነዳችሁ በርታ ከቀረች ግን መጀመሪያ ጎማው መሀል ያለውን ባለ ቀዳዳ ቀለበት እዩት። የእኔ ሁለት ጊዜ በጭቃ ተደፍኖ ነው፤ ሲጸዳ ጠፍታለች። ህንድ ውስጥ ከ125 ሲሲ በላይ የሆነ ሞተር ሁሉ ያለ ኤቢኤስ እንዳይሸጥ የተከለከለው በፈረንጆቹ 2019 ነው። ስለዚህ ከዚያ የሚመጣ ሞተር ላይ ይሄን መብራት ደጋግማችሁ ታዩታላችሁ፣ ብትለምዱት ይሻላል። ኮረት ላይ ግን ኤቢኤሱን አትመኑት። ፍሬኑን እየያዘ እየለቀቀ ስለሚሄድ ልል ጠጠር ላይ መቆሚያው ይረዝማል።

ላቫጆ ላይም ተጠንቀቁ። ልጆቹ በግፊት የሚረጩትን ውሃ ቀጥታ ስታንዱ መገጣጠሚያ ላይ ይለቁታል። ንጹሕ ይሆናል ብለው ነው፣ ግን ቅባቱን አጥቦ ውሃውን ውስጥ ያስገባዋል። እኔ አሁን እዚያ ቦታ ላይ በጀሪካን ውሃና በብሩሽ ብቻ ነው የማጥበው።

ሞላውን ለማግኘት መርካቶ ሄድኩ፣ በታክሲ። አዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ሞተር ላይ ገደብ ካደረገች ወዲህ ወደ ከተማው በሞተር ለመግባት ፈቃድ ያስፈልጋል፣ እኔ ያ ፈቃድ የለኝም። ስለዚህ ከዳር ላለን ሰዎች ሞተሩን ይዞ ወደ ሻጩ ጋራዥ መሄድ ማለት አይሱዙ ላይ ማስጫን ማለት ነው። ይሄም ሰዉ ለምን ሴንሰሩን ቶሎ እንደሚያስነቅል ይገልጸዋል። የሚያውቀው ባለሙያ ሩቅ ነው፣ መቁረጫው ግን ቅርብ ነው። ሁለቱንም ሞላ ገዝቼ ተመለስኩ። ለዚያው ልጅ «የቆረጥከውን ቀጥልልኝ» አልኩት። ገረመው። የተፋቀውን ስታንድ ሳሳየው ዝም አለ፣ ከዚያ ገመዱን በደንብ በየደ፣ መገጣጠሚያውን አጥቦ ግራሶ ቀባው። ሂሳብ አልተቀበለኝም።

ሰው «ይሄ ሴንሰር ያሰለቻል» ሲለኝ አሁን ሌላ መልስ አለኝ። የእኔ ቅሬታ ተቃራኒው ነው፤ በቂ አትናገርም። አንዲት ትንሽ ቀይ መብራት አብርታ ሞተሩን ድርግም ታደርጋለች። ድምፅ የላትም። የሚጮህ ነገር ቢኖራት ኖሮ፣ ስታንዱ በወረደ በተነሳ ቁጥር ጢጥ ብትል ኖሮ፣ ያን ሌሊት ገና ስመታው መልሶ መውረዱን እሰማ ነበር። ጎንበስ ብዬ ጭቃውን በእጄ ብጠርገው ደግሞ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነበር። ይሄን ሳስብ አሁንም ያቃጥለኛል። ቦታዋንም አልወደድኩትም። የፊት ጎማ የሚረጨው ጭቃ ሁሉ ቀጥታ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። አንድ ቁራጭ ላስቲክ ቢከልላት ኖሮ! እኔ ከአሮጌ ከመነዳሪ ቆርጬ ከልያታለሁ፣ እስካሁን ይዟል።

ሞተሩን በመግዛቴ አልተቆጨሁም። በአሮጌው ሞተር ከአዲሱ ገበያ ወደ እንጦጦ ስወጣ ካርቡሬተሩ አየር ያጥረውና ያስለኝ ነበር፤ ይሄኛው የአየሩን መሳሳት በራሱ ሴንሰር እየለካ ነዳጁን ያስተካክላል፣ ዳገት ምንም ሳይመስለው ነው የሚወጣው። ይሄም ሴንሰር ነው እንግዲህ፣ ድምፁን አጥፍቶ ስለሚሠራ ማንም አያመሰግነውም። ገመድ የቆረጣችሁ ግን እባካችሁ አስቀጥሉት። ከዚያ በፊት ሞላውን እዩት፤ ስታንዱን አንስታችሁ በእጃችሁ ትንሽ ወደ ታች ጎትቱት፣ ሲለቀቅ ወዲያው ካልተመለሰ ሞላውን ለውጡት።

ጥር ላይ የእኚያው እናት ሁለተኛዋ ላም ምጥ ያዛት። አሁንም ሌሊት ነው፣ መንገዱ ግን ደረቅ ነው። ጎርፍ የቆረጠው ቦታ ላይ እንደ ልማዴ ወርጄ አየሁ። ስመለስ ስታንዱን መታሁ፣ ባትሪ አብርቼ አየሁት፣ በእጄም ነካሁት። አንደኛ አስገባሁ፣ ሄደ። ስደርስ ሁለቱ እግሮችና አፍንጫው አብረው መጥተው ነበር፤ እኔ ብዙም አልሠራሁም፣ ትንሽ ጎትቼ አፉን ጠረግኩለት። ወንድ ጥጃ ነው። እናትየው ሲነጋ እንገር ይዘህ ሂድ አሉኝ።