እናቴን በክብር ላስጎበኘልኝ የአርባ ምንጭ ወጣት

አርባ ምንጭ ለመሄድ ያሰባችሁ፣ በተለይ እናትና አባታችሁን ይዛችሁ የምትሄዱ፣ ይህን ሳታነቡ አትነሱ። ለከተማዋ ስሟን ወደሰጧት ምንጮች፣ በነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ጫካ ውስጥ፣ እናቴን ወስዶ በሰላም የመለሰልኝ አንድ ወጣት አስጎብኚ አለ። እግዚአብሔር ይስጠው!

እናቴን ጉልበቷን ያማታል። ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ፣ ስሙን አልጠራም፣ ፏፏቴ እናያለን ብለን ሄደን የደረሰብንን እኛ ነን የምናውቀው። «ቅርብ ነው» ያለን አስጎብኚ ስልኩን እየነካካ ፊት ፊት ገሰገሰ፤ እናቴ ድንጋይ ለድንጋይ እየተንፏቀቀች ከኋላ ቀረች። ዞር ብሎ እንኳ አላያትም። ስንመለስ ደግሞ የተስማማንበት ሂሳብ ሌላ ሆኖ ጠበቀን፤ ለጥበቃ፣ ለመንገድ፣ ለምን ያልተባለ ነገር የለም። ስንከራከር «ታዲያ አሮጊት ይዛችሁ ለምን መጣችሁ?» ተባልን። እናቴ በጆሮዋ ሰማችው። ከዚያ ወዲህ ጉዞ በተነሳ ቁጥር «እኔን ቤት ተዉኝ» ማለት አመጣች። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የአርባ ምንጩ ልጅ ሌላ ሰው ነው። ዋጋውን፣ የፓርኩን መግቢያ ጭምር፣ ገና ሲቀላ በሚባለው የከተማዋ ሰፈር ሳለን ነገረን፤ ከነገረን ላይ አንዲት ብር አልጨመረም። መንገዱ አጭር ነው፣ ዳገትም አይበዛበትም፤ ግን የትላልቆቹ ሾላዎች ሥር አልፎ አልፎ ያደናቅፋል። እናቴ ደግሞ ቢደክማትም አትናገርም። ልጁ ይህን በምን እንዳወቀ እንጃ፤ ትንፋሿ ሲቆራረጥ እሱ ይቆምና «እማማ፣ ደክሞኛል፣ ትንሽ ልረፍ» ይላል። ወይ ጫማውን ያስራል፣ ወይ ዛፍ ላይ ጉሬዛ ፈልጎ ያሳየናል። ያን የመሰለ ጎረምሳ ምን አደከመው! በኋላ ገባትና «አንተ ልጅ፣ ድካምህ ሁሉ በእኔ ልክ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች፤ አቀርቅሮ ዝም አለ። ስትመርቀው ብታዩ! እኔን እንኳ እንደዚያ መርቃኝ አታውቅም።

ደግሞም ቀልደኛ ነው። «አርባውንም ልታሳየን ነው?» ብትለው «አንዱን በደንብ እንይ፣ የቀረውን ለሌላ ጊዜ እናቆየው» አላት።

ውሃው ከተራራው ግርጌ ፈልቆ በዛፎቹ መካከል ይንጣለላል፤ ከሥሩ ያለው ጠጠር ይቆጠራል። ከላይ በጋሞ ተራሮች የዘነበው ዝናብ መሬት ውስጥ ሰርጎ እዚህ እንደሚወጣ፣ ጫካውም በዚሁ ውሃ እንደሚኖር አስረዳን። ስለ ድንጋዩና ስለ ስምጥ ሸለቆው የጨመረውን እኔ አልያዝኩትም፤ እናቴ ግን ጭንቅላቷን እየነቀነቀች ስታዳምጥ ነበር። ለከተማው መጠጥ ውሃ ከሚቀዳበት በኩል አላስጠጋንም። ራሱ ገብቶ ጥልቀቱን ካየ በኋላ ክንዷን ይዞ አስቀመጣት። አማትባ እግሯን ነከረች። «እንሂድ» ለማለት የደፈረ አልነበረም፤ እሱም አላጣደፈንም።

እባካችሁ እንዲህ ያለውን ልጅ አበርቱት። ሥራውን ያከበረ፣ ሰው ያከበረ ልጅ ነው። ጠዋት ሂዱ፣ የማያንሸራትት ጫማ አድርጉ፣ ምግብ በእጃችሁ አትያዙ፤ ዝንጀሮዎቹ ፈጣኖች ናቸው። ስሙንና ስልኩን እዚህ አልለጥፍም፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እሱን አስፈቅጄ እልካለሁ። እናቴ ከጥምቀት በኋላ ተመልሳ ልትሄድ ስለሆነ ያን ሰሞን እንዳትሻሙኝ።