እቁብ የሚጻፍበት መስመር የለውም፦ የአንድ የግል ኮሌጅ ፋይናንሻል ኤይድ (የተማሪ እርዳታ) ቢሮ እንዴት አስተናገደን

ከአምስት ኮከብ ሦስት ተኩል ሰጥቻቸዋለሁ። አንዱን የቆረጥኩት በወረቀታቸው ብዛት ነው። ግማሹን በእናቴ ምክንያት።

የማወራው ፔንሲልቫኒያ ስላለ አንድ ትንሽ የግል ኮሌጅ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ልጄ ገና እዚያው ትማራለች።

የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ጀርመንታውን ነው። እኔ ነርሲንግ ሆም እሠራለሁ፣ ባለቤቴ ኡበር ይነዳል። ሦስት ልጆች አሉን። ትልቋ በ2024 ሴፕቴምበር ላይ "እማዬ፣ እዚህ ላመልክት" ብላ ስልኳን ሰጠችኝ። ዋጋው 84,200 ዶላር ይላል። በዓመት! እኔና አባቷ ተደምረን የምናገባው 57,000 ገደማ ነው። ሳቄ መጣ። "የኔ ልጅ፣ ቤታችንን ብንሸጠውም አራት ዓመት አይገፋሽ" አልኳት።

እሷ ግን ቀድማኝ ሄዳለች። ኮሌጆች ከ2011 ጀምሮ ድረ ገጻቸው ላይ ኔት ፕራይስ ካልኩሌተር እንዲያስቀምጡ ሕግ ያስገድዳቸዋል። ገቢን፣ የቤተሰብ ብዛትንና የባንክ ሂሳብን ታስገቢበታለሽ፣ እሱ ደግሞ ግራንቱ (የማይመለሰው እርዳታ) ተቀንሶ በግምት ስንት እንደምትከፍይ ይነግርሻል። ልጄ አስገብታው ወደ 9,000 ነገራት። ከስቴቱ ዩኒቨርሲቲ ግምት ብዙም አልራቀም። እውነቱን ለመናገር አላመንኩትም።

እርዳታ የሚጠየቅበት ፎርም ሁለት ነው። ፋፍሳ የመንግሥት ነው፣ ነፃ ነው፤ አሁን የታክስ መረጃውን በቀጥታ ከአይአርኤስ (ከፌደራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት) ስለሚወስድ እንደ ድሮው አያስለቅስም። (ሲልቨር ስፕሪንግ "እኔ እሞላላችኋለሁ፣ 350 ዶላር" ያሉኝ ሰውዬ አሉ። ነፃ ፎርም!) ሁለተኛው ሲኤስኤስ ፕሮፋይል ይባላል፤ ብዙ የግል ኮሌጆች የራሳቸውን ገንዘብ ለማከፋፈል የሚጠይቁት እሱን ነው። ለመጀመሪያው ኮሌጅ 25፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 16 ዶላር ያስከፍላል፤ ገቢያቸው እስከ 100,000 ዶላር ለሆነ ቤተሰቦች ግን ነፃ ነው። እኛም አልከፈልንም።

ፕሮፋይሉ የማይጠይቀው ነገር የለም። ፋፍሳ የምትኖሪበትን ቤት አይቆጥርም፤ ይሄኛው ግን ስንት ገዛችሁት፣ ዛሬ ስንት ያወጣል፣ ስንት ዕዳ ቀረበት ይላል። ቤታችንን በ2015 ስንገዛው የነበረው ዋጋና የዛሬው አይገናኙም። ባለቤቴ "በወረቀት ሀብታም ሆንን" አለ። አንዳንድ ኮሌጅ የቤቱን ዋጋ ጭራሽ አይቆጥርም፣ አንዳንዱ እስከተወሰነ ይቆጥራል። የእናንተ የቱ እንደሆነ ደውላችሁ ጠይቁ፤ ይነግሯችኋል።

ከዚያ ቢሮው ሰነድ መጠየቅ ጀመረ። የ2023 ታክስ፣ የእኔ ደብልዩ ቱ (የዓመት ደሞዝ ወረቀት)፣ የባለቤቴ ስኬጁል ሲ (የግል ሥራ ገቢና ወጪ የሚሞላበት የታክስ ቅጽ)። በየሳምንቱ ፖርታሉ ላይ "አልተሟላም" የሚል ቀይ ጽሑፍ ይወጣል። አንድ ታክስ ሦስት ጊዜ አስገባሁ። ለካ የጎደለው የባለቤቴ ፊርማ ኖሯል፤ ይህን ከመጀመሪያው ቢነግሩኝ ምን ነበረበት? ያ አንድ ኮከብ እዚያ ሄደ።

የኡበሩ ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነበር። ባለቤቴ በዓመት 40,000 አካባቢ ይሠራል። አይአርኤስ በ2023 ለመኪና ወጪ ብሎ ለሥራ ለተነዳ ለእያንዳንዱ ማይል 65.5 ሳንቲም ከገቢ ያስቀንስ ስለነበር፣ 32,000 ማይሉ ሲቀነስ ታክሱ ላይ የሚታየው 19,000 ነው። ቢሮው ግን የማይሉ ቅናሽ ሁሉ ከኪስ የወጣ ገንዘብ አይደለም አለ። የቤንዚን፣ የኢንሹራንስ፣ የጋራዥ ደረሰኝ አምጡ። ባለቤቴ አንድ ፌስታል ሙሉ ደረሰኝ ከመኪናው የኋላ ኮፈን አወጣ። ስንት ዓመት "ይሄን ቆሻሻ ጣለው" እለው ነበር! ሁለት ማታ ቁጭ ብዬ ፎቶ አነሳሁ።

አሁን ወደ እቁቡ። እቁባችን 20 ሰው ነው፣ በወር 500 ዶላር። ዕጣው በስድስተኛው ወር፣ ኖቬምበር ላይ ወጣልኝ። እኛ ጋ ዕጣ ለወጣለት ሰው ሁሉም በየፊናው በዜል (በስልክ ከባንክ ወደ ባንክ) ይልካል። ስለዚህ የባንክ ስቴትመንቴ ላይ ምን ይታያል? ከ19 የተለያዩ ሰዎች፣ 19 ጊዜ፣ 500፣ 500፣ 500። ቢሮው የባንክ ወረቀት የጠየቀው ደግሞ ልክ የዚያን ወር ነው።

ፌብሩዋሪ ላይ ስልክ ተደወለ። ለስላሳ ድምፅ ያላት ሴት ናት። "ያላሳወቃችሁት ንግድ አለ?" ብላ ጠየቀችኝ። የለም፣ እቁብ ነው አልኩ። ከዚያ እንዲህ ሆነ፦

"ባንክ ነው?"
"አይደለም።"
"ብድር ነው?"
"እንደ ብድርም ነው።"
"ወለዱ ስንት ነው?"
"ወለድ የለውም።"
"ታዲያ ማን ነው የሚሰጣችሁ?"
"እኛው ነን።"

ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። ልጄ አጠገቤ ሆና ፊቷን በትራስ ሸፍናለች።

ነገሩ የሚያስቅ ይመስላል፣ ግን ቀልድ አልነበረም። ገንዘቡ ቁጠባ ከተባለ ከመቶ አምስት ገደማውን ብቻ ነው ወላጅ ለኮሌጁ እንዲከፍል የሚጠብቁት። ገቢ ከተባለ ግን ከእያንዳንዱ ዶላር የሚጠብቁት ብዙ እጥፍ ነው። በዚያ ላይ ከ10,000ው ውስጥ 7,000ው የእኔ አይደለም፤ ገና 14 ወር የምከፍለው ዕዳ ነው። ፎርሙ ላይ የመኪና ዕዳ አለ፣ የቤት ዕዳ አለ። የእቁብ ዕዳ የሚጻፍበት መስመር የለም።

ሴትየዋን የማመሰግናት እዚህ ጋ ነው። አልዘጋችብኝም። "የማኅበሩ ኃላፊ በደብዳቤ ያስረዱ፣ የከፈልሽውንም ዝርዝር አያይዢ" አለችኝ። የእቁባችን ዳኛ ጋሼ 30 ዓመት ታክሲ የነዱ ሰው ናቸው። በእንግሊዝኛ አንድ ገጽ ጽፈው፣ ከታች የ20ውን ሰው ተራ በሰንጠረዥ አስቀምጠው፣ ፈርመው ሰጡኝ። በአራተኛው ቀን ፖርታሉ ላይ "ተቀብለናል" የሚል መጣ።

የእናቴን ግን አልተቀበሉም። ደሴ ላለች እናቴ በየወሩ 300 ዶላር እልካለሁ፤ ለመድኃኒትም ለቤት ኪራይም። የሁለት ዓመት የሐዋላ ደረሰኝ አያይዤ ነበር። መልሱ በትህትና የተጻፈ አንድ መስመር ነው፦ ከአገር ውጭ ላለ ዘመድ የሚላክ ገንዘብ በእኛ አሠራር "በፈቃድ የሚደረግ ወጪ" ነው። በፈቃድ! እስኪ አንድ ወር አልልክም ብዬ ልሞክረው። ግማሹ ኮከብ ይኸው።

ማርች መጨረሻ ላይ ደብዳቤው መጣ። የኮሌጁ ግራንት 58,000። ፔል ግራንት (የፌደራል መንግሥቱ የማይመለስ እርዳታ) 7,395። ወርክ ስተዲ 2,800። የፌደራል ሎን (ብድር) 5,500። ሁሉም አንድ ላይ "እርዳታ" ተብሎ ተደምሯል። ሎን እርዳታ ነው እንዴ? ትመልሺዋለሽ እኮ። ወርክ ስተዲም ቢሆን ልጅቷ በሰዓት ሠርታ የምታገኘው እንጂ ከሂሳቡ ላይ የሚቀነስ አይደለም። እነሱ እንደደመሩት የቀረን 10,505 ነው። ደብዳቤ ሲደርሳችሁ መጀመሪያ ግራንቱን ብቻ ለይታችሁ ከጠቅላላ ዋጋው ቀንሱ። የሌላውን ኮሌጅ ደብዳቤም እንዲሁ አድርጉና ከዚያ አወዳድሩ።

እኛ ኧርሊ ዲሲዥን (ከተቀበላችሁኝ እናንተ ጋ ብቻ ነው የምገባው ብሎ ቀድሞ ማመልከት) አልገባንም ነበር፣ ስለዚህ የሚወዳደር ነገር በእጃችን ነበር። ሌላ ተመሳሳይ ኮሌጅ የተሻለ ግራንት ሰጥቷታል። ያንን ደብዳቤ፣ የእኔን በጃንዋሪ የተቀነሰ ሰዓት የሚያሳይ የደሞዝ ወረቀትና አንድ ገጽ ማብራሪያ አድርገን አፒል (ይግባኝ) አልን። ልመና አይደለም፤ ቢሮዎቹ ሁኔታ ሲቀየር ሂሳቡን የማስተካከል ሥልጣን በሕግ አላቸው። ልጄ ስትጽፍ እኔ "ድሆች ነን የሚለውን አውጪው፣ ቁጥሩን ብቻ ጻፊ" አልኳት።

ኤፕሪል 17 መልስ መጣ። ግራንቱ 64,900 ሆኗል። እነሱ በሚደምሩት የቀረን 3,605 ነው። ከደሞዜ ላይ በወር በወር እየከፈልነው ነው። ግራንቱን ብቻ ስንቀንስ ግን 11,905 ነው፤ ካልኩሌተሩ ካለው 9,000 ብዙም አለመራቁን ባለቤቴ ሦስት ጊዜ ደመረው።

ለሚጠይቁኝ አንድ ነገር፦ ግሪን ካርድ ያለው፣ ጥገኝነት የተፈቀደለት፣ በስደተኛነት (ሬፊውጂ) የገባ ተማሪ ፋፍሳ ሞልቶ የፌደራል እርዳታ ማግኘት ይችላል። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ያላለቀለት ግን አይችልም። ቢሆንም አንዳንድ የግል ኮሌጅ ከራሱ ኪስ ስለሚሰጥ ደውሎ መጠየቅ አይከፋም።

ይሄ ሁሉ በየዓመቱ ይደገማል። ለሁለተኛው ዓመት ልንሞላ ስንል ጋሼን ለመንኳቸው፦ "እባክዎ፣ ቀጣዩ እቁብ ሲወጣልኝ ገንዘቡን እርስዎ ሰብስበው በአንድ ጊዜ ይላኩልኝ።" ሳቁብኝ። "ደብዳቤውን ኮምፒውተር ላይ አስቀምጬዋለሁ" አሉ። "ሌሎቹም ልጆቻቸው ሊደርሱ ነው።"