ማሲንቆ ከአዝማሪው ወይስ ከኪነት ቡድኑ?

ወሎ ለሙዚቃችን ስሙን ያዋሰ አገር ነው። ከአራቱ ቅኝቶች (የዜማ ስልቶች) ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ ቦታዎች ስም ናቸው። ትዝታንም ወሎዬ የራሴ ነው ይላል፤ ማን ይከለክለዋል! ጥያቄው ልጆቻችን ይህን ከማን ይማሩት የሚለው ነው።

አንደኛው መንገድ አዝማሪው ነው። ልጁ ከጎኑ ቁጭ ብሎ ያያል፣ ይሰማል። የማሲንቆ ክር አንድ ብቻ ነው፣ ከፈረስ ጭራ የተሠራ። አንገቱ ላይ የጣት ቦታ የሚያሳይ ምልክት የለም። ጣት ትንሽ ከተንሸራተተ ድምፁ ይበላሻል። አዝማሪው ራሱን ይነቀንቃል፣ ልጁ ጣቱን ያስተካክላል። ኖታ የለ፣ ሰሌዳ የለ። ግጥሙንም እዚያው ይለምደዋል፤ ሰርግ ላይ እንግዳው ስንኝ ሲሰጠው ወዲያው ተቀብሎ ማዜምን። ይህን ክፍል ውስጥ ማን ያስተምረዋል? ችግሩ፣ አዝማሪው ካረጀ ወይም አገር ከለቀቀ ሁሉም አብሮት ይሄዳል።

ሁለተኛው መንገድ ኪነት ቡድን ነው፣ በዘፈንና በጭፈራ መድረክ የሚወጣው። እዚያ ግን አንዱ ቢሄድ ሌላው ይተካል። ድምፃዊቷ ማሪቱ ለገሠ የወጣችው ከወሎ ላሊበላ ኪነት ነው። ልምምድ አለ፣ መድረክ አለ፣ ከታላላቆቹ ጋር አብሮ መሥራት አለ። ብቻ መድረክ ሰዓት ይቆጥራል። ግጥሙ ያጥራል፣ ጭፈራው ይበዛል።

እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ ሁለት ዓመት አዝማሪው ጋር፣ ከዚያ ቡድን እላለሁ። ጆሮው ሳይከፈት መድረክ የወጣ ልጅ አምባሰል ጀምሮ ባቲ ላይ ሲደርስ ሰምቻለሁ። ጭብጨባው ግን አልቀረበትም።