አዲስ የጌም ኮምፒውተር ከወራት አገልግሎት በኋላ፦ ስለሚዘጋው ጨዋታና ስለሚጠፋው ድምፅ

ይህን ዴስክቶፕ ዛሬ እንደገና ግዛ ብባል እገዛዋለሁ፤ ሱቁ ገጣጥሞ ባስረከበኝ ሁኔታ ግን አልረከበውም። ዕቃው ጥሩ ነው፤ አገጣጠሙ ግን ከዕቃው አስተማማኝነት ይልቅ ለደረሰኝ ማማር የታሰበበት ነበር። ፕሮሰሰሩ ባለ ስምንት ኮር ሬይዘን 7 7700 ነው። ግራፊክስ ካርዱ ባለ 8 ጊጋ ባይት አርቲኤክስ 4060 ሲሆን፣ ራሙ (ኮምፒውተሩ የሚሠራበትን መረጃ ለጊዜው የሚይዝበት ክፍል) ደግሞ በደረሰኙ ላይ «64 ጊጋ ባይት፣ ዲዲአር5፣ 6000» ተብሎ ተጽፏል። የችግሩ ሁሉ ሥር ያለው በዚህች አንድ መስመር ውስጥ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ኮምፒውተሩን የምጠቀምበት በዋናነት ለዶታ 2፣ በኢንተርኔት በቡድን ለሚጫወቱት ጨዋታ ነው። የምጫወተው ዱባይ ከሚኖረው ታላቅ ወንድሜና ቨርጂኒያ ካለው የአክስቴ ልጅ ጋር ነው። ቅዳሜ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ እኔ አዲስ አበባ እቀመጣለሁ፤ ዱባይ 4 ሰዓት ሆኗል፣ ቨርጂኒያ ደግሞ በበጋቸው ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ሦስታችን የምንገናኝበት ሌላ ሰዓት ስለሌለ የሚባክን ምሽት ያስቆጫል። በዶታ ሕግ በጠቅላላው ከአምስት ደቂቃ በላይ ተቋርጦ የቆየ ተጫዋች ጨዋታውን ጥሎ እንደሄደ ይቆጠርበታል፤ ይህ ሲደጋገም የተቀጡ ተጫዋቾች ከሚሰበሰቡበት ዝቅተኛ ምድብ ውስጥ ይጣላል። ኮምፒውተሬ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለዚህ ቅጣት ሲዳርገኝ ነው የከረመው።

ጨዋታው የሚዘጋው ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ነበር። አንዳንዴ ዴስክቶፑ ላይ ይጥለኛል፣ አንዳንዴ ሰማያዊው ስክሪን ይመጣል፣ አንዳንዴ ምስሉ ደርቆ ይቀራል። በዚያው ምሽት ድምፄም ይጠፋል፤ ወይም ወንድሜ «ከጉድጓድ ውስጥ የምታወራ ነው የምትመስለው» ይለኛል። ሁለቱ አንድ ላይ ስለሚመጡ አንድ በሽታ ይመስላሉ። የሱቁ ቴክኒሻን በስልክ የሰጠኝ መልስም «ኢንተርኔትህ ነው» የሚል ነበር። እዚህ አገር ለማንኛውም የኮምፒውተር ችግር የሚሰጥ የመጀመሪያ መልስ ይህ ሳይሆን አይቀርም። ኢንተርኔት ሲቆራረጥ ግን ጨዋታው «ግንኙነት ተቋርጧል፣ እየሞከርኩ ነው» ይላል እንጂ ፕሮግራሙ ራሱ አይሞትም። በዚያ ላይ ዶታው ተዘግቶብኝ ሳለ እየተጫወትን የምናወራበት ዲስኮርድ በሚባለው ፕሮግራም ላይ የወንድሜን ሳቅ ጥርት አድርጌ እሰማ ነበር። መስመሩ ቢበጠስ ኖሮ ሳቁም ይቋረጥ ነበር። ስለዚህ ጉዳዩን ለሁለት ከፈልኩት፤ የሚዘጋው ጨዋታ ለብቻው፣ የሚጠፋው ድምፅ ለብቻው።

ዊንዶውስ ውስጥ ብዙ ሰው የማይከፍተው ሪላያቢሊቲ ሞኒተር የሚባል ገጽ አለ። በመፈለጊያው ላይ «ሪላያቢሊቲ» ብሎ መጻፍ በቂ ነው። በየቀኑ የወደቀውን ፕሮግራም በቀይ ምልክት ይዘረዝራል። የእኔን ስከፍተው ዶታ ብቻ አልነበረም፤ ድረ ገጽ መክፈቻው ወድቋል፣ የፎቶ ማያው ወድቋል፣ የጨዋታ ማውረጃው ስቲም ደግሞ ያወረደውን ፋይል «ተበላሽቷል» እያለ ደጋግሞ አውርዷል። አንድ ፕሮግራም ብቻ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ስህተት ቢወድቅ ጥርጣሬው ወደ ፕሮግራሙ ወይም ወደ ግራፊክስ ድራይቨሩ (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር ወደሚያግባባው ፕሮግራም) ይሄዳል። የማይዛመዱ ፕሮግራሞች በተለያየ ስህተት ሲወድቁ ግን ሁሉም የሚጋሩት ነገር ነው የሚጠረጠረው። ሁሉም የሚጋሩት ደግሞ ራም ነው።

እዚህ ላይ ሻጮች የማይናገሩት ነገር አለ። «6000» ተብሎ የተሸጠ ራም በራሱ ጊዜ 6000 አይሠራም። ያ ፍጥነት የሚገኘው ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ ገብቶ ኤክስፖ ወይም ኤክስኤምፒ የሚባለውን ማስተካከያ በማብራት ነው፤ ይህም ከፕሮሰሰሩ መደበኛ ወሰን በላይ መንዳት ማለት ነው። የሬይዘን 7 7700 አምራች በይፋ ያስቀመጠው ወሰን ሁለት ራም ሲሰካ 5200፣ አራት ሲሰካ ደግሞ 3600 ብቻ ነው። ከሁለት ወደ አራት ሲኬድ ወሰኑ ይህን ያህል የሚወርደው በእያንዳንዱ መስመር ላይ ሁለት ራም ሲንጠለጠል ምልክቱ ስለሚረበሽና ራሙን የሚቆጣጠረው የፕሮሰሰሩ ክፍል ስለሚጨናነቅ ነው። ሁለት ራም በ6000 ማስኬድ በተግባር የተለመደ ነው፤ አብዛኛው ፕሮሰሰር ይችለዋል። አራት ራም በ6000 ግን ዕጣ እንደ መጣል ነው። ሱቁ የሰካልኝ ባለ 16 ጊጋ ባይት አራት ራም ነበር፤ ኤክስፖውንም አብርቶት ነበር። 64 የሚለውም 6000 የሚለውም ቁጥር ሻጭን ያምርበታል፤ አንድ ላይ ሲመጡ ግን ሥራው ገዢው ላይ ይወድቃል።

ለማረጋገጥ የራም መፈተኛ ፕሮግራሙን ሜምቴስት86ን በፍላሽ ጭኜ ሌሊቱን አሳደርኩት። አራቱም በ6000 ሲሆኑ ስህተቱ ገና በመጀመሪያው ዙር ስክሪኑን በቀይ ሞላው። እያንዳንዱን ራም ለብቻው ስፈትነው ግን አንድም እንከን የለበትም። ይህ ልዩነት ትልቅ ትርጉም አለው፤ ራሞቹ ጤነኞች ናቸው፣ የከበዳቸው አብሮ መሮጡ ነው። ይህን ሳያጣሩ «ራሙ ተበላሽቷል» ብሎ አዲስ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ከዚያ በኋላ ምርጫው ሁለት ነበር። አራቱንም ይዞ ወደ 3600 መውረድ፣ ወይም ሁለቱን አውጥቶ 32 ጊጋ ባይት በ6000 መያዝ። ሁለቱንም ለየብቻ እየተጫወትኩ አየኋቸው፤ ሁለቱም አይዘጉም። ነገር ግን ዶታ ከግራፊክስ ካርዱ ይልቅ ፕሮሰሰሩንና ራሙን የሚያደክም ጨዋታ ነው። አሥሩም ጀግኖች አንድ ቦታ ላይ ተገናኝተው ሲዋጉ በ3600 ምስሉ ሲንቀራፈፍ በዓይን ይታያል። ቪዲዮ የሚያቀናብር ሰው 64ቱን ቢመርጥ እረዳዋለሁ፤ ለእኔ ግን 32 ጊጋ ባይት ይተርፋል። ሁለቱን ራሞች ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው መሰኪያ ላይ አደረግኩ፤ በአብዛኛው ማዘርቦርድ ትክክለኛው ቦታቸው ይኼው ነው፣ መመሪያው ላይም በሥዕል አለ። ራም ከተቀያየረ በኋላ ኮምፒውተሩ መጀመሪያ ሲበራ ስክሪኑ ለደቂቃዎች ጥቁር ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ዲዲአር5 ራሱን እየለካ ስለሆነ ነው፤ ደንግጦ ሶኬቱን መንቀል አያስፈልግም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጨዋታው በራሱ ምክንያት አልተዘጋም። የቀረው መብራት ነው። መብራት ብልጭ ብሎ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ተነሥቶ ይጠፋል፤ በዊንዶውስ መዝገብም «ከርነል-ፓወር 41» የሚል ቁጥር ይቀመጣል። ይህ ቁጥር ብዙ ሰው ያስደነግጣል፤ የሚናገረው ግን ማሽኑ በሥርዓት ሳይዘጋ መጥፋቱን ብቻ ነው፣ ምክንያቱን አይናገርም። ጨዋታ መሐል በራም የተነሣ ሲደርቅብኝ በጉልበት ያጠፋሁትም በዚሁ ቁጥር ነው የተመዘገበው። ብዙ ቤት ያለው ስታቢላይዘር የሚያስተካክለው የኃይሉን መውጣትና መውረድ እንጂ መጥፋቱን አይደለም፤ ለዚህ የሚሆነው ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ነው። ፕሮሰሰሩ 65 ዋት፣ ግራፊክስ ካርዱ 115 ዋት ተብለው የተመደቡ ቁጥብ ዕቃዎች ስለሆኑ መካከለኛ ዩፒኤስ ይሸከማቸዋል። ራውተሩንም እዚያው ላይ መሰካት ያስፈልጋል፤ ኮምፒውተሩ በርቶ ራውተሩ ከጠፋ ምን ዋጋ አለው?

ወደ ድምፁ ልምጣ። የሱቁ ስጦታ ተብሎ አብሮ የመጣው ሄድሴት ብሉቱዝ ነበር። ዘፈን ሲሰሙበት ድንቅ ነው። ማይክራፎኑ ሲከፈት ግን የተለመደው ብሉቱዝ ጥራት ያለውን ስቴሪዮ ትቶ ለስልክ ጥሪ ወደተሠራው ስልት ይወርዳል፤ በአንድ ጊዜ ጥራት ያለው ድምፅ ማምጣትና የሰውን ድምፅ መውሰድ አይችልም። የጨዋታው ድምፅ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ የእኔም ድምፅ ለሌሎቹ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ በድራይቨርም አይታከምም። በርካሽ ዋጋ የገዛሁት ባለ ገመድ ዩኤስቢ ሄድሴት በአንድ ምሽት ገላገለኝ። ብሉቱዙን አሁን ሙዚቃ ለመስማት ብቻ እጠቀምበታለሁ።

ሁለተኛው ችግር የበለጠ አድካሚ ነበር። ዲስኮርድ ላይ ለመናገር አንድ ቁልፍ እጫናለሁ። ጨዋታው ውስጥ ስገባ ቁልፉ አይሰማም፤ ወደ ዴስክቶፕ ስመለስ ይሠራል። ቴክኒሻኑ ስቲምን ሲጭን «በአስተዳዳሪ ሥልጣን ይከፈት» የሚለውን ምልክት አድርጎበት ነበር፤ ጨዋታውም ያንኑ ሥልጣን ይወርሳል። ዊንዶውስ ደግሞ ዝቅ ያለ ሥልጣን ያለው ፕሮግራም ከፍ ባለው ውስጥ የሚጫኑ ቁልፎችን እንዲያዳምጥ አይፈቅድም። ከስቲም ላይ ምልክቱን ሳነሣው ቁልፉ ወዲያው ሠራ። ዲስኮርድንም በአስተዳዳሪ ሥልጣን ክፈቱ የሚል ምክር በብዛት ይሰጣል፤ ይሠራል፣ ግን ለወሬ መለዋወጫ ፕሮግራም ያን ያህል ሥልጣን መስጠት አይታየኝም።

የተቀሩት ጥቃቅን ናቸው። ዊንዶውስ ጥሪ ያለ ሲመስለው የሌላውን ድምፅ ሁሉ በ80 በመቶ ይቀንሳል፤ በድምፅ ማስተካከያው ውስጥ «ኮሚዩኒኬሽንስ» በሚለው ገጽ ላይ «ምንም አታድርግ» የሚለውን መምረጥ ነው። ማይክራፎኑ ጨርሶ ከጠፋ የግላዊነት ገጹ ላይ ፕሮግራሞች ማይክራፎን እንዲጠቀሙ መፈቀዱን ማየት ይገባል። የዲስኮርድ ጩኸት ማጥፊያ ክሪስፕ ደግሞ በክረምት ለቆርቆሮ ጣሪያ ሰው የተፈጠረ ነው፤ ዝናቡ ሲወርድ ወንድሜ ምንም አይሰማም። ዶፉ ሲበረታ ግን ከዝናቡ ጋር የእኔንም ቃል ይበላል።

መዘግየትን በተመለከተ ኮምፒውተር ሊፈታው የማይችለው ክፍል አለ። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። አዲስ አበባና ዱባይ በቀጥታ 2,500 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚራራቁ ደርሶ መልሱ ከ25 ሚሊ ሰከንድ አያንስም፤ ቨርጂኒያ ግን 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ከ115 በታች አይታሰብም። ገመዱ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም። የአክስቴ ልጅ ዱባይ ባለው ሰርቨር (ጨዋታውን በሚያስተናግደው ኮምፒውተር) ላይ ሲዘገይ ግራፊክስ ካርዱን ቢቀይር አይጠቅመውም፤ ይህን ግን እስካሁን አላመነኝም። የድምፁ መረጃ ራሱ ትንሽ ነው፤ ዲስኮርድ በመደበኛው 64 ኪሎ ቢት በሰከንድ ይጠቀማል፣ ይህም አንድ ሰው ሰዓት ሙሉ ሳያቋርጥ ቢያወራ 29 ሜጋ ባይት ገደማ ነው። ድምፁን የሚቆራርጠው የመስመሩ መጥበብ ሳይሆን መጨናነቁ ነው። ቤት ውስጥ አንድ ስልክ ቪዲዮ ሲጭን የእኔ ቃል ወረፋ ይይዛል። ራውተሩ ወረፋ የማስተካከል ምርጫ ካለው ያንን ማብራት፣ ከሌለው ደግሞ ኮምፒውተሩን በገመድ አያይዞ ከቤተሰብ ጋር በሰዓት መስማማት ነው ያለው። ድምፁ በየትኛው አገር ሰርቨር በኩል እንደሚያልፍም በዲስኮርድ የቻናሉ ማስተካከያ ውስጥ መምረጥ ይቻላል፤ ለእኛ ለሦስታችን ከአሜሪካው ይልቅ ሮተርዳም ተስማምቶናል።

ስለ ሙቀት የምለው ጥቂት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ቆላ ካለው ያንሳል። አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ግን ይካካሳል። የበጋው አቧራ ነው ጠላቱ፤ የፊት ማጣሪያውን አውጥቼ ሳላጸዳው ስከርም የማራገቢያው ድምፅ ከፍ ሲል ይታወቀኛል።

አሁን የቀረኝ ቅሬታ የሳጥኑ የፊት ለፊት የድምፅ መሰኪያ ነው። ባለ ገመድ ማዳመጫ ስሰካበት ግራፊክስ ካርዱ ሥራ ሲበዛበት የሚጮህ ስስ እዝዝታ ያሰማል፤ ከኋላ ያለው መሰኪያ ግን ንጹሕ ነው። ዩኤስቢ ሄድሴት ስለምጠቀም አላስቸገረኝም፤ በዚህ ዋጋ ለተሸጠ ሳጥን ግን አልጠብቀውም ነበር። ትርፍ የሆኑትን ሁለት ራሞች ሱቁ በጥሬ ገንዘብ አልመልስም ብሎ በአንድ ቴራ ባይት ኤስኤስዲ ማከማቻ ለወጠልኝ፤ ጨዋታዎቹን አሁን ወደዚያ እያዛወርኩ ነው።