ለአሮጌ የጓሮ መደቦች የገዛነው ብስባሽና ችግኝ

በቢሾፍቱ ዳርቻ ባለን አነስተኛ ይዞታ የቀድሞው ባለቤት በሳንቃ አጥሮ የተዋቸው አራት ከፍ ያሉ መደቦች ነበሩ፤ ስንረከባቸው ሳንቃው ከሥሩ በስብሶ፣ አፈሩም በግምት 15 ሳንቲ ሜትር ሰጥሞ ነበር። በሰኔ መጀመሪያ ከአንድ የአካባቢው ችግኝ ጣቢያ ስድስት ጆንያ ብስባሽ እንዲሁም የቆስጣና የጥቅል ጎመን ችግኝ ገዛን።

ብስባሹ የሚመሰገን ነው። በእጅ ሲጨብጡት እንደ ቡና አተላ ይፈረፈራል፤ ሽታውም ዝናብ የነካው መሬት እንጂ የፍግ አለመሆኑ በሚገባ መብላላቱን ያሳያል። አሮጌውን አፈር ሳንደፋ በዶማ አላልተን ብስባሹን ከላዩ ደባለቅንበት፤ ቆስጣውም በሰባተኛው ሳምንት ለገበታ ደረሰ፤ የውጭውን ቅጠል ብቻ እየቆረጥን እምብርቱን ስለተውንለት እስካሁን መስጠቱን አላቆመም።

በጥቅል ጎመኑ ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። ችግኙ በጥቁር ፕላስቲክ ውስጥ ከሚገባው በላይ በመቆየቱ ሥሩ ተጠማዞ ስለነበር ከ24ቱ ዘጠኙ አልጸደቁም። ሻጩ በትሕትና ስድስት ምትክ ከሰጠን በኋላ የቀሩትን በዝናቡ አሳበበ (በዚያ ሳምንት ጠብታ እንኳ አልጣለም)።

መደቦቹ ለዓመታት ጎመን ሲበቅልባቸው መኖሩን ስንነግረው በቀጣዩ ወቅት አተር ወይም ፎሶሊያ እንድንዘራ መክሮናል፤ በእነዚህ ሰብሎች ሥር ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር ስለሚይዙ ምክሩ ተገቢ ነው። ብስባሹን ለመስከረም ደግመን አዝዘናል፤ የጎመኑን ችግኝ ግን በአንደኛው መደብ ጥግ ራሳችን አፍልተናል።