ባለ አራት ቺፕ ዳክ ቦርድ ከወራት አጠቃቀም በኋላ፦ አራት ክሎክ ምን ያደርጋል?

ዳክ ማለት ዲጂታል ሙዚቃን ወደ አናሎግ ሲግናል የሚቀይር ቺፕ ነው። የዚህ ቦርድ ድምፁ ጥሩ ነው፣ ብዙ አይሞቅም፣ ፓወር ሰፕላዩም ጸጥ ያለ ነው። የተቃጠልኩት ሻጩ ዋና ብልጫ ብሎ ባስተዋወቀው ነገር ነው፦ «ለእያንዳንዱ ቺፕ የራሱ 100 ሜጋኸርዝ ኦሲሌተር»። ኦሲሌተር ቺፑ የሚሠራበትን ምት፣ ማለትም ክሎኩን፣ የሚያወጣ ዕቃ ነው።

ለስቴሪዮ ብቻ ከሆነ አይጎዳም፤ ግራና ቀኙ ከአንድ ቺፕ ይወጣሉ። ቦርዱ ግን ስምንት ቻናል ነው፤ የሚገዛውም ዉፈሩን፣ ሚድሬንጁንና ትዊተሩን (የወፍራም፣ የመካከለኛና የቀጭን ድምፅ ስፒከሮቹን) በየራሱ አምፕሊፋየር የሚነዳ ሰው ነው። እዚያ ትዊተሩ ከአንዱ ቺፕ፣ ሚድሬንጁ ከሌላው ይመጣል። እያንዳንዱ ቺፕ የገባለትን ዳታ በራሱ ክሎክ እንደገና ሳምፕል ያደርጋል። ውስጡ ያለው ፒኤልኤል (ክሎክ አስተካካይ ወረዳ) የዳታውን ፍጥነት ስለሚከተል ቺፖቹ እየዋሉ እያደሩ አይራራቁም። ዳታውን የሚይዙበት ቅጽበት ግን ይለያያል፤ ልዩነቱም ቦርዱ እስኪጠፋ ድረስ ይቆያል። መልሳችሁ ስትከፍቱት ሌላ ቁጥር ይመጣል።

በ48 ኪሎኸርዝ (በሰከንድ 48 ሺህ የድምፅ ናሙና) አንድ ሳምፕል 20.8 ማይክሮሰከንድ ነው። ክሮስኦቨሩ (ድምፁ ከአንዱ ስፒከር ወደ ሌላው የሚሻገርበት ነጥብ) 2 ኪሎኸርዝ ላይ ከሆነ የአንድ ሳምፕል መዛነፍ 15 ዲግሪ የፌዝ ልዩነት ያመጣል፤ 12 ሳምፕል ሲሞላ 180 ዲግሪ ይሆንና ሁለቱ ስፒከሮች እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። ትናንት በማይክ ለክታችሁ ያስተካከላችሁት ዲሌይ ዛሬ ዋጋ የለውም።

ሻጩ «የተለየ ክሎክ ጂተር ይቀንሳል» ይለኛል። ጂተር (የክሎኩ ምት ትንሽ ቀደም ዘግየት ማለቱ) የአንድ ቺፕ ጉዳይ ነው፤ እኔ የምጠይቀው በቺፖቹ መካከል ስላለው ልዩነት ነው። አንድ ጥሩ ኦሲሌተር ለአራቱም ቢከፋፈል ዝቅተኛ ጂተርም የቺፖቹ እኩል መሄድም ይገኙ ነበር፣ ያውም በርካሽ።

መፈተሹ ቀላል ነው። አንድ አጭር ምት በሁሉም ቻናል አጫውቱ። የኦሲሎስኮፑን አንድ ፕሮብ ቻናል 1 ላይ አድርጋችሁ ትሪገሩን (ምስሉ የሚጀምርበትን ቅጽበት) በእሱ ያዙ፤ ሁለተኛውን በ3፣ በ5 እና በ7 አዘዋውሩ። ከዚያ ቦርዱን አጥፍታችሁ ክፈቱና ድገሙት። የእኔ ቦርድ በየጊዜው ቦታ ይቀይር ነበር።

መፍትሔው ብየዳ ነው። አራቱን ኦሲሌተሮች አንሱ። ከዩኤስቢ ወደ አይቱኤስ (ዲጂታል ድምፁ ወደ ቺፖቹ የሚገባበት መስመር) ከሚቀይረው ካርድ 24.576 ሜጋኸርዙን ማስተር ክሎክ ወስዳችሁ እንደ ሲዲሲኤልቪሲ1104 ባለ አንድ ገቢ አራት ወጪ የክሎክ ባፈር አስገቡ። በእያንዳንዱ መውጫ ሥር 33 ኦም ሬዚስተር ይቀመጥ፤ ሽቦው አጭር ይሁን፣ ከግራውንድ ጋር ይጠምዘዝ። ብዙ ሰው ሽቦዎቹን በሚሊሜትር እኩል ለማድረግ ይደክማል፤ 10 ሴንቲሜትር ቢበላለጡ እንኳ ልዩነቱ ከአንድ ናኖሰከንድ በታች ስለሆነ ለድምፅ ምንም አይደለም። የሚጎዳው ሲግናሉ ከሽቦው ጫፍ ሲመለስ የሚፈጥረው ነጸብራቅ ነው፤ ቺፑ አንዱን ምት ሁለት ጊዜ ይቆጥርና ድምፁ ጠቅ ጠቅ ይላል።

ክሎኩ አንድ ሆነ ማለት ግን ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። ሪሴቱ (ቺፑን ከመጀመሪያው የሚያስነሳው መስመር) በየቺፑ 10 ኪሎኦም ሬዚስተርና 1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አለው፤ ካፓሲተሩ በ10 ከመቶ ሲዛነፍ አንዱ ቺፕ ከሌላው ወደ 1 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ይነሳል። በዚያ ጊዜ 24 ሺህ የክሎክ ምት ያልፋል። እነዚያን አንሱና አራቱን ሪሴቶች ከማይክሮኮንትሮለሩ አንድ ፒን ጋር አገናኙ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ክሎኩ ይረጋጋ፣ ሪሴቱ ይለቀቅ፣ የአራቱም ሬጂስተር (የቺፑ ማስተካከያ ትእዛዝ የሚቀመጥበት) ተጽፎ ይጠናቀቅ፣ አይቱኤሱ ከሁሉም በኋላ ይጀምር። ሬጂስተሮቹ የሚጻፉት ተራ በተራ ነውና አይቱኤሱ ቀድሞ ከጀመረ ልዩነቱ ይመለሳል።

እነዚህ ቺፖች በሲንክ ሞድ (ከዳታው ጋር በአንድ ክሎክ) የሚሠሩት ማስተር ክሎኩ የሳምፕል ፍጥነቱ 128 እጥፍ ሲሆን ነው። ስለዚህ ሙዚቃውን ሁሉ ኮምፒውተሩ ላይ፣ ለምሳሌ በካሚላዲኤስፒ (ድምፅ በሚያቀናብር ፕሮግራም)፣ ወደ 192 ኪሎኸርዝ ቀይሩት።

አሁን አራቱም ቺፖች አንድ ላይ ይነሳሉ፣ ቦርዱም ከስፒከሮቼ ጋር ይቆያል። ደግሜ ግን አልገዛውም፤ ተሠርቶ ያለቀ ዕቃ ተብሎ የተሸጠ ቦርድ ከገዢው ይህን ያህል ብየዳ ሊጠይቅ አይገባም። ለዚህ ሥራ የምትገዙ ከሆነ እንደ ኤኬ4458 ወይም ፒሲኤም1690 ስምንቱን ቻናል በአንድ ቺፕ የያዘ ቦርድ ፈልጉ።