ከማርቆስ ባሕር ዳር የመጣው ትልቁ ፍሪጄ ከወራት በኋላ

ውጤቱን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ፍሪጁ ደህና ነው። በደንብ ያቀዘቅዛል፣ ድምፁም አልተቀየረም። ባለ ሁለት በር ትልቅ ፍሪጅ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ሳለሁ የገዛሁት። ነሐሴ መጨረሻ ላይ በሥራ ዝውውር ባሕር ዳር ስገባ በአይሱዙ ተጭኖ መጣ። አሁን ግንቦት ነው። እስካሁን ጠጋኝ ሳይነካው የቆየው በአጫጫኑ ነው ብዬ አምናለሁ።

ፍሪጅ ቆሞ ነው መጓዝ ያለበት። ከኋላው ታች ያለው ኮምፕሬሰር ውስጥ ዘይት አለ፤ ሞተሩም የተቀመጠው ስፕሪንግ ላይ ነው። ካስተኛችሁት ዘይቱ ወደ ጋዙ ቱቦ ይሄዳል። መንገዱ ሲያንገጫግጨው ደግሞ ሞተሩ ከስፕሪንጉ ሊላቀቅ ይችላል። ጫኞቹ «እታለም፣ እናስተኛው፣ ቆሞ ይወድቅብናል» ብለውኝ ነበር። «ግድ የለም ወንድሞቼ፣ ቆሞ ይሂድ፤ እናንተ ብቻ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩት» አልኳቸው። ጎኑን ወደ ጋቢናው አስጠጉት፣ መሃል ላይ የስፖንጅ ፍራሽ ገባ፣ ከላይና ከታች በገመድ ታሰረ። ከላይ ሸራ ለበሰ፤ የነሐሴ ዝናብ አይታመንም። ከጤፍ ጆንያ ጋር ተደርቦ በርካሽ ይሂድ ያለኝም ነበር። እሺ አላልኩም፤ ጆንያው መንገድ ላይ ከተንሸራተተ የሚያርፈው ቱቦዎቹ ላይ ነው።

ከአዲስ አበባ የምታስመጡ ደግሞ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደውን ቁልቁለት አስቡት። ጭነት ሁሉ ወደ ፊት ይገፋል። ከፍሪጁ ኋላ ከባድ ዕቃ አታስቀምጡ።

ከመጫኑ አንድ ቀን በፊት ነቅዬ በረዶውን አቅልጬ፣ ውስጡን በደንብ አድርቄው ነበር። የመስታወት መደርደሪያዎቹን አውጥቼ በጋቢ ጠቀለልኳቸው። በሮቹን በአሮጌ መቀነት አሰርኳቸው፤ የፕላስተር ሙጫ ቀለሙ ላይ ይቀራል። ሾፌሩ ደምበጫን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ቡሬን፣ ኮሶበርን፣ ዳንግላን ሲያልፍ ጉብታ ላይ ቀስ እያለ ነው የመጣው። እግዜር ይስጠው።

ማታ ስንደርስ ቦታው ላይ አቁመነው አደረ፤ የሰካሁት ጠዋት ነው። ዘይቱ ወደ ቦታው እስኪመለስ ቆሞ ለመጣ ፍሪጅ ጥቂት ሰዓት ይበቃዋል። ተኝቶ ከመጣ ግን አንድ ሙሉ ቀን ቢቆም ይሻላል።

ባሕር ዳር ከማርቆስ ዝቅ ያለች ናት፣ ሙቀቷም ይበልጣል። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ሞተሩ ረዘም ላለ ጊዜ ሲሠራ እሰማለሁ። ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል ስላራቅኩት ሙቀቱ መውጫ አለው፤ ጎኑ ሲነካ ለብ ይላል እንጂ አያቃጥልም። ለፋሲካ ፍሪዘሩ በሥጋ ጢም ብሎ ነበር። መብራት ሲጠፋ በሩን አለመክፈት ነው፤ ካልተከፈተ ታችኛው ክፍል አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፣ የሞላ ፍሪዘር ደግሞ ከዚያ በጣም ይቆያል። መብራት እንደተመለሰ ትንሽ ቆይቶ የሚያስነሳ ስታቢላይዘር ላይ ነው የምሰካው፤ ለዚህ ከተማ መብራት ግድ ነው እላለሁ።

ያልወደድኩትም አለ። ገመዱ ያረፈበት ማዕዘን ላይ ካርቶኑ ተንሸራቶ ቀለሙ ተልጧል። የታችኛው በርም መጀመሪያ ላይ አልገጠመም ነበር። የወረቀት ብር በጎማው መሃል አስገብቼ ዘጋሁት፤ ስስበው ያለ ምንም ትግል ወጣ። አየር እየገባ ነበር ማለት ነው። የፊት እግሮቹን በእጄ አዙሬ ወለሉ ላይ አስተካከልኩት፣ አሁን ብሩ ቀጥ ብሎ ይያዛል። የተላጠው ማዕዘን ግን ክረምት ሳይገባ ቀለም ይፈልጋል፤ አለዚያ ዝገት ይጀምረዋል።